የኡስታዝ ሙንዚር የጣሊያን ጫማ

ጫማ የተሠራው እግር እንዳይቆሽሽ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ያ ሰው ሀብታም ቤት ተቀጥሮ አያውቅም። እኛ ድሆቹ እግራችንን እንዲጠብቅልን ጫማ እንገዛለን። ሀብታም ግን ጫማውን ከገዛ በኋላ ጫማውን የሚጠብቅ ሰው ይቀጥራል። ከምን ነው የሚጠበቀው? ከአቧራ፣ ከውሃ፣ ከፀሐይ፣ ባጭሩ ከመሬት። መሬት የማይነካ ጫማ ለምን ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ ደግሞ የሠራተኛ ሥራ አይደለም።

እኔ ጦርነቱ ሁላችንንም ሳይበትነን በፊት፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር፣ ኡስታዝ ሙንዚር የሚባሉ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንቱ የምላቸው በአማርኛ ስለማወራ ነው። ዐረብኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ቸር ቋንቋ ነው፤ አንቱታ የለውም። ፊት ለፊት "አንተ" እያልኩ ስድስት ዓመት ተገላግያለሁ።

ኡስታዝ የጫማ ሰው ነበሩ። ሠላሳ የሚሆኑ ጫማዎቻቸው የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ ክፍሉም ሙከይፍ ነበረው፣ ያ ቀዝቃዛ አየር የሚተፋው ማሽን። እኔ የምተኛባት ክፍል ያላት አንድ ክንፉ የተጣመመ መርወሓ፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ ነበር፤ ሲዞር አየር ሳይሆን ወሬ ነው የሚያመጣው። ሙቀቱ ሲብስብኝ ጫማ ላስተካክል ብዬ እገባና ከጫማዎቹ ጋር ትንሽ እቀመጥ ነበር። መቼም እንግድነቴን አልጠሉትም።

አንድ ጊዜ ኡስታዝ ከውጭ አገር ሲመለሱ አዲስ ጫማ ይዘው መጡ። ሱዳኖች ሸምዋ ከሚሉት ቆዳ የተሠራ ነው፤ ላዩ እንደ ኮክ ልጣጭ ለስላሳ ፀጉር ያለው፣ በጣት ሲዳብሱት ቡናማው አንዴ የሚደምቅ አንዴ የሚደበዝዝ። ሳጥኑን ሳሎን መሐል ከፍተው ለቤተሰቡ ንግግር አደረጉ። ቆዳ ከመገዛቱ በፊት ይሸተታል። በአውራ ጣት ተጫን ሲያደርጉት ጥሩ ቆዳ እንደ ሰው ፊት ተሸብሽቦ መልሶ ይቃናል። ሶሉም የተሰፋ እንጂ የተለጠፈ መሆን የለበትም። እስከዚህ ድረስ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞሩና፣ "ያ ዘይነብ፣ ይሄ የጣሊያን እጅ ነው። እናንተ ሐበሾች ከብቱ አላችሁ፣ እጁ ግን የላችሁም" አሉኝ።

ምሳ እያቀረብኩ ነበር። ይሄ የሚበሉት በማን እጅ የተሠራ ነው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ዝም አይነቅዝም።

ወር እንኳ ሳይሞላ ኡስታዝ ከአንድ ሰርግ ሲመለሱ የግራ ጫማቸው ላይ ወጥ ፈሶበት ነበር። በር ላይ አውልቀው፣ "ሐሙስ ለረዛን እጮኛ ቤተሰብ አደርገዋለሁ፤ ይጽዳ" ብለው ገቡ። ረዛን አንድ ልጃቸው ናት። በምን ይጽዳ? አልተናገሩም። ስለ ቆዳ ያን ሁሉ የሰበኩ ሰው ስለ ሳሙና አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ሳፋ ሙሉ ውሃ፣ እፍኝ ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽ። ሁለቱንም አጥንታቸው እስኪወጣ ፈትጌ ጣሪያ ላይ አሰጣኋቸው። የሌላ አገር ፀሐይ ታደርቃለች፤ የካርቱሟ ግን ትጠብሳለች። ከሰዓት ስወጣ ቋንጣ ሆነው ጠበቁኝ። ፀጉሩ ተጣብቋል፣ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ አንጋጧል፣ ሳንኳኳቸው እንደ ቅል ይጮኻሉ።

አሁን እስቃለሁ እንጂ ያኔ የታየኝ የምባረርበት በር ነው። ፓስፖርቴ ኡስታዝ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ጀላቢያ በካውያ አቃጥላ ሻንጣዋ በር ላይ ጠብቋታል። ኮምቦልቻ ያሉት እናቴና ሁለት ልጆቼ ደግሞ የሚበሉት በዚህ የለም በተባለው እጅ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ገበያ ልሂድ ብዬ ጫማዎቹን ዘንቢል ውስጥ ከባዶ ጆንያ በታች ደበቅሁና በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ካላክላ ወረድሁ። ካላክላ ገበያ ጥግ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ጎንደሬ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ጫማ ቤት ሠርተው፣ ከዚያ ካርቱም መጥተው ያረጁ። ጫማዎቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማን ገደለው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በምን?"

"በሳሙና።"

"ፀሐይም አለበት።"

"አለበት።"

"ይሄማ ግድያ አይደለም" አሉ፣ "መጀመሪያ አሰቃይተሽዋል።"

ከዚያ ሥራ ጀመሩ፤ ሥራቸውም እንደ ሐኪም ነበር። ማንቆርቆሪያ ጥደው እንፋሎቱን ቀስ እያሉ አጠጡት። ቆዳው እሺ ሲላቸው የእንጨት ፎርማ አግብተው አፍንጫውን ወደ ምድር መለሱት። ወጡ የነካው ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱ፤ ቅባቱን የሚስበው እሱ ነው። የተጣበቀውን ፀጉር በተማሪ ላጲስ እያሹ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያበጠሩ አስነሱት። "ሸምዋ ውሃ ይጠላል የሚሉት ውሸት ነው" አሉኝ፤ "የሚጠላው ጥድፊያ ነው። በጥላ፣ ጋዜጣ ጎርሶ፣ ሁለት ቀን ይደር።" እኔ ስድስት ዓመት በጥድፊያ የምሠራ ሰው በጫማው ቀናሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስመለስ ጫማው ጫማ ሆኗል። ትንሽ ጠቆር ብሏል እንጂ ከሞት ለተነሳ ሰው መልኩ ደህና ነው። ጋሽ ታደሰ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። የግራው የውስጥ ሶል ተላጥቶ ስለነበር በማስቲሽ መልሰውታል፤ እስኪይዝ ድረስ ሁለት ቀን ባይደረግ ጥሩ ነው።

"ዛሬ ነው የሚያደርጉት" አልኳቸው።

"እንግዲያው እንዳያወልቁት ንገሪያቸው።"

በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድን ሰው ጫማህን እንዳታወልቅ ብሎ የሚመክር ማን ነው?

ከሰዓት በኋላ የእጮኛው ቤተሰብ መጣ። አባትየው ሐጅ ባቢከር የቡና ነጋዴ ናቸው። ኡስታዝ እግራቸውን አነባብረው፣ ጫማው ለእንግዳው እንዲታይ አድርገው ተቀመጡ። ሐጅም ደጉ ሰው፣ ማሻአላህ አሉ። የኡስታዝ አፍ ተከፈተ። የጣሊያን እጅ ተባለ፤ ወላሂ በየቀኑ ያምራል ተባለ፤ ይህቺን ልጅ ብተዋት በሳሙና ታጥበው ነበር ተባለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ጭማቂውን እያዞርሁ ሳቅሁ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ወንዶቹ ለዉዱእ፣ ለሶላት ለመታጠብ፣ ተነሱ። ኡስታዝ የግራ ጫማቸውን ሲያወልቁ የውስጥ ሶሉ ካልሲያቸው ላይ ተጣብቆ አብሮ ወጣና ምንጣፉ ላይ ተገልብጦ ወደቀ። በጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር። ሐጅ ባቢከር ጎንበስ ብለው አነሱት።

"ጣሊያኖች እንዲህ ነው እንዴ የሚጽፉት?"

ኡስታዝ ሳያዩት፣ "የጥንት ፊደል ነው፤ ትልልቆቹ ጫማ ሠሪዎች አይተዉትም" አሉ።

"እኔ ግን ይሄን ፊደል በየሳምንቱ ቡና ጆንያ ላይ ነው የማየው" አሉ ሐጅ፤ ሶሉንም ለእኔ ሰጡኝ። "አንቺ ልጅ፣ ምን ይላል?"

ፓስፖርቴ ትዝ አለኝ። ግን ለሶላት በተነሱ ሰዎች ፊት እንዴት ይዋሻል? አነበብሁት።

"ግራ። አርባ ሁለት። አስቸኳይ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ።"

ሐጅ ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፣ አልቻሉም። ከዚያ ከልባቸው፣ አዲስ አበባ ስሄድ ጫማ ቤቱን ፈልጌ ለልጆቼ አስመጣለሁ አሉ። ኡስታዝ በባዶ እግራቸው ወደ ውሃው ሄዱ፤ የዚያን ቀን ዉዱእ ረጅም ነበር። ጽሑፉ የጋሽ ታደሰ ይሁን የሠሪው፣ እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ሻንጣዬን በልቤ አሰርሁ። ሆኖም አላባረሩኝም። ለምን አባረርካት ቢባሉ ምን ይላሉ? ማንበብ ስለቻለች? ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን በፌስታል አድርገው ወጥ ቤት ድረስ ይዘውልኝ መጡና፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ "ለአገርሽ ሰው ስጪው" አሉኝ። ስለ እጅ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ሰዒድ አርባ ሁለት ነው የሚያደርገው። በሰው ላክሁለት። በሳምንቱ ደውሎ መረቀኝ። ሰፈሩ ጉድ ብሏል፤ መስጊድ በር ላይ ጫማውን የሚጠብቅለት ሰው ሳይቀር አግኝቷል፤ የጣሊያን መሆኑን ላልጠየቀውም ሁሉ ነግሯል። እኔም ከሳፋው እስከ መግሪቡ ያለውን ታሪክ አንድ በአንድ አወራሁለት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ በኡስታዝ ሙንዚር እንደዚያ የሳቀ ሰው አላየሁም። ሳቁ ሲያልቅለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እዚህ ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ።