የአያ ደምሌ ጉበት ለምን ብድግ አለ?

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ወይ ትስቃላችሁ፣ ወይ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ሁለቱም ይገባኛል!

ፖስት እያደረግኩ እንዳሰለቸኋችሁ፣ የማስተርስ ጥናቴ ጉበት ሰው ሲተነፍስ እንዴት ቅርፁን እንደሚለውጥ በኮምፒውተር ማሳየት ነው። ሐኪም መርፌ ሲሰድ ጉበቱ የት እንደሸሸ ማወቅ አለበት። እኔም ለዚህ የተፈጠርኩ መስሎኝ ነበር።

ስካኑ የአጎቴ የአያ ደምሌ ነው። ጉበታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ስላለ ሲቲ ስካን ታዘዘላቸው፤ እኔም አስፈቅጄ ወሰድኩት። ሁለት ጊዜ ተነሱ፦ አንዱን አየር ስበው፣ ሌላውን አስወጥተው። በመካከል ያለውን እንቅስቃሴ የኔ ሞዴል ያሰላዋል።

ታዲያ ምን ወጣ? ጉበቱ በቀኝ በኩል ብድግ ብሎ እዚያው ቀረ!

የትም መጽሐፍ ላይ የለም። ጤነኛ ሰው "ተሳስቼ ይሆን?" ይላል። እኔ ግን "ግኝት!" አልኩ። የደጋ አየር ያመጣው ነው ብዬ ስም ሳይቀር አወጣሁለት፤ "የጉና ብድግታ"።

ዛሬ የጥናቴ ዲፌንስ ነበር። ካለፍኩ ሥራ ተዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነው። ማለፍ ብቻ!

ደብረ ታቦር ያለው ዘመድ ሁሉ አዳራሹን ሞልቶታል። አያ ደምሌም ከገሳይ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ስላይዱን ከፈትኩ፤ ጉበቱ የማን እንደሆነም በኩራት ተናገርኩ። ጉበቱ ስክሪኑ ላይ ብድግ አለ።

ልክ በዚህ ሰዓት ዲኑ አርፍደው ገቡ።

አያ ደምሌ "ኖር!" ብለው በግራ ክርናቸው ተደግፈው ቀኝ ጎናቸውን ብድግ አደረጉ።

ሰው ሁሉ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ አጎቴን አየ። አንድ ናቸው። ቁርጥ አንድ!

ዲኑ "በእግዜር፣ በእግዜር" ሲሉ አያ ደምሌ ተቀመጡ። ጉበቱ ግን አልተቀመጠም።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "እስቲ አከርካሪውን አሳዪን።"

አከርካሪውን? ላፕቶፔ እንዳይከብደው ብዬ ከጉበቱ በቀር ሁሉንም ቆርጬ ጥዬዋለሁ! ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። አከርካሪውም ዘሟል። አጥንት ደግሞ አይተነፍስም፣ ወገኖቼ።

ፈታኙ ወደ አጎቴ ዞሩ። "በሁለቱ ስካን መካከል ሰው ገብቶ ነበር?"

"አዎን፣ ነጭ የለበሰች ገባች" አሉ አያ ደምሌ። "ሐኪም መስላኝ ኖር አልሁ። በእግዜር የሚለኝ ሲጠፋ እንዴት ብዬ ልተኛ? ወዲያው ደግሞ አይንቀሳቀሱ ተባልሁ። እንደዚያው በክርኔ ቀረሁ።"

ነጭ የለበሰችው ማን ናት? እኔ! ጋውኑንና ፊቴን የሸፈነውን ማስክ የተዋስኩት ለሴልፊ ነበር። ገብቼ ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ "አሁን ትንፋሽ ያስወጡ" ብዬ ወጣሁ። ሰው ኖር ሲል በእግዜር ማለትን ማን አስተምሮኝ? (እናቴ አስተምራኛለች። እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።)

ውጤት፦ እንደገና ስካን፣ እንደገና ሞዴል፣ እንደገና ዲፌንስ። ሥራውስ? ደውዬ ጠየቅኩ፤ አይጠብቅም። ቀልዱን ልተወውና፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አያ ደምሌ በር ላይ ጠብቀው አጽናኑኝ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። ለክትትል ድጋሚ ስካን ስነሳ ማንም ቢገባ ንቅንቅ አልልም።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። "ጳጳስ ካልሆኑ በቀር።"

እስቲ ምከሩኝ፦ ስካን ክፍሉ በር ላይ "ጳጳስ መግባት ክልክል ነው" ብዬ ብለጥፍ ቀድሞ የሚያወግዘኝ ማነው፣ ጳጳሱ ወይስ እናቴ?