ታንኩ ያኔ አልተሠራም

ፊልም በሚታይበት ቦታ ሁሉ ፊልሙን የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። ባለ ምንጣፍ ሲኒማ ቤትም ይሁን በቆርቆሮ የተከለለ አዳራሽ፣ መብራቱ ጠፍቶ ጦሩ መትመም ሲጀምር ከጨለማው ውስጥ "እንደሱ እንኳ አልነበረም" የሚል ድምፅ ይመጣል። ይህ ሰው ከፍሎ የገባው ሊዝናና አይደለም፤ ታሪክ ሲበደል እያየ ቤቱ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው። ከተሞች በውሃና በመንገድ ይበላለጡ ይሆናል፤ ይህን ሰው በማግኘት ግን ሁሉም እኩል ናቸው።

ለቡታጅራ የደረሷት መምህር ዑመይር ናቸው። ክቡር መምህር፣ በጡረታ የተገለሉ የታሪክ አስተማሪ፣ የጥንትና የዛሬ ሠራዊቶች ሁሉ የበላይ መርማሪ፣ እሁድ ዙሁር ሰግደው እንዳበቁ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሙከሚል ፊልም ቤት ይሄዳሉ። አዳራሹ ሌላውን ጊዜ የኳስ ነው። እሁድ ከሰዓት ግን ኳሱ እስኪጀምር ድረስ ባለቤቱ ሙከሚል ረጃጅም የድሮ የጦር ፊልሞች ያሳያል። መምህሩ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ጄኔራል ያለ እሳቸው ፈቃድ ወንዝ አይሻገርም።

ያን ከዘራ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጀማሉ ነው። ጀማሉ የፊልም ቤቱ ተርጓሚ ነው። ከስክሪኑ ጎን ቆሞ፣ ማይክ ይዞ፣ ተዋናዮቹ የሚሉትን እዚያው በአማርኛ ይናገራል። እንግሊዝኛ የሚችለው ትምህርት ቤት እስካደረሰው ድረስ ነው፤ ያደረሰው ደግሞ ብዙም ሩቅ አይደለም። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። በእሱ ፊልም ጄኔራሉ እዚያው አካባቢ፣ አገና የተዳረች እህት አለችው። ስንቅ የሚያድለው ሻምበል የእንሴኖ ገበያ ነጋዴ ነው፤ ጥይት ሲሰጥ እንኳ "ካለፈው የተረፈህ የለም?" ብሎ ይከራከራል። ፈረሶቹም ሳይቀሩ የሚሉት ነገር አላቸው። ስልኩ ላይ የፈለገውን ፊልም ማየት የሚችል ወጣት ያን አዳራሽ የሚሞላው ለጀማሉ ብሎ ነው።

ፍርሃቱ የማይክ ብቻ ቢሆን በቀለለው። ጀማሉ የመምህሩን ልጅ ዛህራን ማግባት ይፈልጋል። ዛህራ ነርስ ናት፤ እሷም ትወደዋለች፤ የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው። የዚያ እሺታ ባለቤት ደግሞ በየእሁዱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ውሸቱን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቆሞ የማይፈራ?

የጥንቱ ጦር በሰንደል ጫማና በአጭር ቀሚስ የዘመተ ዕለት አንድ ወታደር ሰይፉን ወደ ላይ አነሣ። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ጀማሉም "ዛሬ የአባቴን ደም እመልሳለሁ!" ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። መምህሩ ተነሡ።

"ይቅርታ! ሙከሚል፣ እስቲ ትንሽ መልሰው።"

ሙከሚል መለሰው።

"እዚህ ጋ አቁም። ክንዱን እዩት። የክትባት ጠባሳ ነው። በዚያ ዘመን ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም።"

አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አሰገገ፤ ኋላ የነበሩት ወንበር ላይ ቆሙ። እውነትም ጠባሳ ነው። ፊልሙ ሲቀጥል ሰው ሁሉ ክንዱን ገልጦ የራሱን ጠባሳ ለጎረቤቱ ያሳይ ስለነበር፣ ጠላት ድል ሲሆን ያየ አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወታደሮቹ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲበሉ ጀማሉ "ቆጮ ቀረበላቸው" አለ።

"ቆጮ አይደለም፤ ድንች ነው" አሉ መምህሩ።

"ይቅርታ፣ ድንች ቀረበላቸው" አለ ጀማሉ ቶሎ ብሎ።

"ድንችም አይሆንም። ድንች ያኔ እዚያ አገር አልገባም።"

ጀማሉ ስክሪኑን አየ። ጦሩ በሙሉ እየጎረሰ ነው፤ አንድ ነገር መብላት አለበት። በመጨረሻ "አላህ የሰጣቸውን ቀመሱ" ብሎ ተገላገለ።

ታንክ ላይ ግን ክቡርነታቸው ጭራሽ ምሕረት የላቸውም። ገና አቧራው ሲታይ፣ የሰንሰለቱ ድምፅ ሲመጣ፣ "ያ ታንክ ያኔ አልተሠራም!" ይላሉ። ታንኩ የሠራዊቱ ተስፋ ቢሆን፣ ከከበባ ሊያወጣቸው ቢመጣ ግድ የላቸውም። የከተማው ልጆች ቃሉን ወስደውታል። ባጃጅ ነጂው ያልተስማሙበትን ሂሳብ ሲጠራ ተሳፋሪው "ያ ታንክ ያኔ አልተሠራም" ይለዋል፤ ነጂውም ስቆ ይቀንሳል።

መምህሩ ከፊልም ቤት ውጭም ያው ናቸው። የጎረቤታቸው የአቶ ፈቃዱ አባት ያረፉ ጊዜ መቃብሩ አጠገብ የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ነበር። ፓስተሩ ሟቹ ትምህርት ቤት የገቡበትን ዓመት ከመጥራቱ ከለቀስተኛው መሐል አንድ እጅ ወጣ። "ይቅርታ፣ ትምህርት ቤቱ ያኔ አልተከፈተም።" ለቅሶው ቀጥ አለ። ፓስተሩ ወረቀቱን አየ፤ አቶ ፈቃዱን አየ። ያዳኑት የሟቹ ባለቤት ናቸው፤ ከነጠላቸው ውስጥ ቀና ብለው "እውነታቸውን ነው፤ እሱ ዕድሜውን ይጨምር ነበር" አሉና ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

ዛህራም ብትሆን በልጅነቷ አንድ ተረት እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። ጅብና አህያ ገበያ ለመሄድ ሲነሡ፣ የየትኛው ቀን ገበያ እንደሆነና ገበያው በዚያ ዘመን ይቆም እንደነበር አባቷ ሲያጣሩ እንቅልፍ ይወስዳታል። አህያዋ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አታውቅም።

አረፋ ሲቃረብ ጀማሉ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጂ ሸምሶ ነበሩ፤ እሳቸው ያሞገሱትን ልጅ የሚያውቀው ሰው ራሱ እንደ አዲስ ሊተዋወቀው ይጓጓል። ሲመለሱ ጀማሉ መስጊዱ በር ላይ ጠብቆ ያዛቸው።

"እንዴት ሆነ ሐጂ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምሳ በልተናል።"

"ምሳውን አይደለም፣ ሐጂ…"

"ቆይ እንጂ! አሞገስንህ። አባቱ እንዲህ፣ አያቱ ባለ ፈረስ ብዬ ስጀምር ሰውየው አያትህን ያውቋቸው ኖሯል። 'እሳቸው ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም' አሉኝ። በቅሎ አደረግሁት። እሱንም እምቢ አሉ።"

"ያ ረቢ! ከዚያስ?"

"ከዚያማ፣ 'ልጁን አውቀዋለሁ። የአረፋ ሳምንት እሁድ ፊልም ቤት ሄጄ እሰማዋለሁ፤ መልሴን ከዚያ በኋላ እሰጣለሁ' አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ኢንሻአላህ ደግ ይሆናል።"

ጀማሉ ጊዜ አላጠፋም። ዛህራ ጋ ደወለ።

"አባ ውሸት አይወድም፤ ታውቀዋለህ" አለችው። "ለአንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብቻ ተርጉም።"

"ያልገባኝ ቦታ ላይስ?"

"አልገባኝም በላ! ሰው በዚህ ይሞታል እንዴ?"

ጀማሉ ምክሩን ተቀበለ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ላይ ስለ መድፍና ስለ ታንክ ሲያነብ ሰነበተ። የነገሩ ክፋት እሁዱ የአረፋ ሳምንት መሆኑ ነው። ከመርካቶ፣ ከሐዋሳ፣ ከየሄደበት የመጣ ዘመድ ሁሉ ከተማውን ሞልቶታል፤ ስለ ጀማሉ ሲወራ ሰምቶ የመጣ ሰው አዳራሹን እስከ በሩ አጭቆታል። ሙከሚል በደስታ መቆም አቅቶት የጀማሉን ትከሻ ያዘና "እንደ ወትሮህ አድርጋት፣ እሺ? ሰው አንተን ብሎ ነው የመጣው" አለው። ጀማሉ እሺ አለ። ምን ሊል ይችላል? ፊተኛው አግዳሚ ላይ ከዘራው ቆሟል።

ፊልሙ በረሃ ስለሚያቋርጥ ጦር ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ኮሎኔል ነው" ብሎ ጀመረ ጀማሉ። "ካርታ እያየ ነው።" ሕዝቡ የሚቀጥለውን ጠበቀ። ኮሎኔሉ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። "አሁን ያለውን አልያዝኩትም፤ ፈጥኖ ነው የተናገረው።"

ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

"ግመሎቹ እየሄዱ ነው።"

"እሱንማ እኛም እያየን ነው እኮ!" አለ ከመርካቶ የመጣ አንድ ጎልማሳ።

ታንኩ ብቅ ሲል ጀማሉ ተሽቀዳደመ። "ይህ ታንክ ያኔ አልተሠራም፤ ከጦርነቱ በኋላ የወጣ ነው" ብሎ በዓይኑ ጥግ ወደ አግዳሚው አየ። ክቡርነታቸው ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር። ፊታቸው ግን ጭራሽ ጠቆረ። ኋላ ያሉት መነሣት ጀመሩ። "ዜና ነው እንዴ የምናየው?" እያሉ ሲወጡ ሙከሚል በሩ ላይ ሆኖ ሁለት እጁን አጣምሮ ጀማሉን ይለምነዋል። ጀማሉ ሥራውንም ዛህራንም በአንድ ከሰዓት እንዳጣ ገባው። ግን አንዴ ጀምሮታል፤ እንዴት ይመለስ?

ከዚያ አንድ ወጣት ወታደር ቆስሎ አሸዋው ላይ ወደቀ። ጓደኛው ራሱን ደግፎ ያዘው። ወጣቱ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ብዙ ነገር እየተናገረ ነው። ጀማሉ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ሙዚቃው ቃሉን ሸፍኖታል።

"ምን እንዳለ አላውቅም" አለ።

ከዘራው ወለሉን መታ። ሙከሚል በልማድ ፊልሙን አቆመው።

"ሰው እየሞተ አላውቅም ይባላል?" አሉ መምህር ዑመይር።

"መምህር፣ እውነቱን ልተርጉም ብዬ ነው እኮ…"

"እውነቱን!" አሉ። ቀስ ብለው ተነሡ። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ አልነበረም። "ታላቅ ወንድሜ ሸረፋ ምሥራቅ ግንባር ነው የቀረው። የወደቀበትን ቀን አውቃለሁ። ኮረብታውን በካርታ ላሳይህ እችላለሁ። በዚያ በኩል የመጣውን ታንክ ዓይነቱን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ሁሉንም አንብቤ ደርሼበታለሁ። ምን ብሎ እንደሞተ ግን የጻፈልኝ መጽሐፍ የለም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።" ዙሪያቸውን አዩ፤ የወጡትም ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል። "የታንኩ ነገር የእኔ ሥራ ነው። የልጁን አንተ ንገረን።"

ብለው ተቀመጡ።

ጀማሉ ከሚያውቀው ፍርሃት ሁሉ ይህኛው የባሰ ነበር፤ አሁን ቢሳሳት የሚጎዳው ፊልሙ አይደለም። ለሙከሚል በእጁ ምልክት ሰጠው። ወጣቱ እንደገና አፉን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

"'ለእማዬ ንገርልኝ' ይለዋል ጓደኛውን" አለ ጀማሉ። "'አልፈራም በላት። ትንሽ ፈርቻለሁ፤ እሱን ግን አትንገራት። አሸዋው ይሞቃል፤ እንደ ተኛሁ ነው የሚሰማኝ በላት። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ። እሱ መጽሐፍ ይወዳል። እኔን ብሎ እንዳይቀር፤ ይማር፤ ሌላውን ያስተምር። ቀስ ብለህ ንገራቸው፤ አታስደንግጣቸው።'"

የወታደሩ አፍ ቆመ። ጀማሉም ቆመ። መምህሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን በእሱ ሸፍነው ነበር። ከመርካቶ የመጣው ጎልማሳ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በኋላ ጦሩ በረሃውን እስኪጨርስ ብዙ ታንክ አለፈ፤ የተናገረ ሰው የለም።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ መምህሩ ወደ ጀማሉ መጡ።

"ከእንግዲህ እሁድ እሁድ አልመጣም" አሉት።

ጀማሉ ማይኩን አስቀመጠ። "ምን አጠፋሁ መምህር?"

"ምንም። አማቾች ሕዝብ ፊት ሲጨቃጨቁ ነውር ነው። አባቶቻችን እንኳን ሊከራከሩ፣ መንገድ ላይ ፊት ለፊት አይተላለፉም ነበር። ለሐጂ ሸምሶ ንገራቸው፤ ማክሰኞ ይምጡ። ፈረሱን ግን እዚያው ይተዉት።"

ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው እጃቸውን ስሞ መሮጥ፣ ዛህራ ጋ መደወል ነበረበት። ደግሞስ ይህን ቀን በዱዓ ሲለምን አልኖረም? ያለ ከዘራ፣ ያለ ይቅርታ፣ ማይክና እሱ ብቻ የሚቀሩበትን እሁድ? አሁን ያ እሁድ ሲመጣ ሲያየው ግን ያ የለመደው ፍርሃት ተመለሰ።

"መምህር" አለ፤ "እርስዎ ፊት ስቆም ፈርቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ያለ እርስዎ ግን የባሰ እፈራለሁ። ወላሂ፣ ማን ያርመኛል ብዬ ልዋሽ?"

መምህር ዑመይር የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ግራና ቀኙን አዩ። ሙከሚል ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበር የሚደረድር መሰለ።

"እንግዲያው ከኋላ እቀመጣለሁ" አሉ። "አንተም ወደ ኋላ እንዳትዞር።"