ካቦውና የአባቴ ጋቢ

ሰው ከመቀጣቱ በፊት «ምን ትላለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ማንን ይጎዳል? ቢዋሽም እንኳ ይዋሽ። እኛ አገር ዶሮ የሰረቀ ሰው ሳይቀር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ ዳኛው እስኪሰለቻቸው ይናገራል። ከዚያ ይፈረድበታል። ግን ተናግሮ ነውና ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ሰው ይመለሳል። አትሳቁብኝ፤ ይህ ነገር ትንሽ የሚመስለው ላልተነፈገ ነው። እኔም ሰው ፊት አፌ ስለሚተሳሰር ነው የምጽፍላችሁ።

ጣሊያን ከደብረ ታቦር ወደ ሐሙሲት የሚወርደውን መንገድ ሲያሠራ አባቴ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጠጠር እሸከም ነበር። ሠራተኛው ማኅበር ነበረው። የጻድቁ ዝክር ሆኖ ነው የጀመረው፤ እየቆየ ግን ጠላው ከተቀመሰ በኋላ የሥራ ነገር ይነሣበት ጀመር። በመጨረሻም ከእኛ አንዱ ቢከሰስ ሳይሰማ እንዳይቀጣ፣ ሲጠየቅም የማኅበሩ አለቃ አያ ገላው አጠገቡ እንዲቆሙ ተስማሙና ለካቦው በአስተርጓሚ አስነገሩ። ካቦው፣ ሥራውን የሚያዘው ጣሊያን፣ ራሱን ነቀነቀ። እሺ አለን ብለን ደስ አለን። ራስ መነቅነቅ ምን ወጪ አለው?

አንድ ቀን ዶማ ጠፋ። የጠፋው አባቴ ከሚሠሩበት ቦታ ነውና ሌባው አባቴ ሆኑ። ካቦው ምንም ሳይጠይቅ ተገርፈው እንዲባረሩ አዘዘ። አያ ገላው ጠጋ ቢሉ ዞር በል ተባሉ። አባቴ ደግሞ ሕግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። መከራውም የመጣው ከዚያ ነው።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና አብረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ከተቋጠሩ በኋላ የደም ጠላት ቢሆኑም መማታት የለም፤ መሸሽም የለም። አባቴ ቀስ ብለው ወደ ካቦው ተራመዱና የጋቢያቸውን ጫፍ ከካፖርቱ ቀበቶ ጋር ቋጠሩት።

«በሕግ አምላክ። እንግዲህ ዳኛ ይፍታን» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም።

እኛ ሁላችን እንደ ወጉ ሥራ አቁመን በአክብሮት ቆምን። ካቦው ግን እባብ እንደተጠመጠመበት ሰው ጮኸ። ወታደሮቹ አባቴን በሰደፍ ጣሏቸው፤ ጋቢውን በጩቤ ቆርጠው እሳቸውን በመኪና ጫኑ። ቁራጩ ከካቦው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሰንበት ሳይደርስ ዶማው ከጠጠር ክምር ሥር ወጣ። ያገኘሁት እኔ ነኝ። አያ ገላው ተሸክመውት፣ እኔም ተከትያቸው፣ ከካቦው ደጅ ቆምን። ብዙ ቆይቶ አስተርጓሚው ወጣ። የዚሁ አገር፣ የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ ፊታችንን ማየት አልቻለም።

«አያ ገላው፣ ስለ ዶማው ምሕረት አድርጌለታለሁ ይላል።»

«የምን ምሕረት ነው ልጄ? ዶማው ይኸው፤ ሰውየው አልሰረቀም።»

«እሱን አውቃለሁ። አሁን የተያዙት ግን በዶማው አይደለም፤ በቋጠሮው ነው።»

«እሺ፣ ስለ ቋጠሮውስ መቼ ይጠየቃል?»

አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ ነገሩ አልቆ አባቴ ዛሬ ጠዋት ወደ ጎንደር እንደተጫኑ፣ ከዚያም ወዴት እንደሚወሰዱ እንደማይታወቅ ነገረን። ከዚያ ዶማውን ተቀበለንና፣ ካቦው በመስኮት እያየ ስለሆነ ስለ ምሕረቱ እጅ ንሱ አለን።

ነሣን።