በልክ የተሰፋ ጣረ ሞት

[በእንግሊዝ ገጠር ያለ ትንሽ መጠጥ ቤት፤ ስሙ «የተኛው በግ» ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውጭ ይዘንባል። ክሌም የሚባል አጥር ሲከረክም የኖረ ሽማግሌ ከእሳቱ ፊት ባለ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ውሻው ሩፈስ እግሩ ሥር ተኝቷል። ከከተማ መጥቶ ቤቱን ባለፈው ጸደይ ከቢራ ጠማቂው ኩባንያ የተከራየው ናይጄል የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ይጎትታል።]

ናይጄል፦ ተነሣ አልኩህ እኮ!

ክሌም፦ ሰምቻለሁ።

ናይጄል፦ ከሰማህ ለምን አትነሣም?

ክሌም፦ ለመስማት መነሣት አያስፈልግም ብዬ ነው።

ናይጄል፦ እዚህ ቦታ የቁማር ማሽን ይቆማል! መብራቱ የሚያብለጨልጭ፣ ሙዚቃ ያለው። ወንበሩ ለማገዶ ነው።

ክሌም፦ እኔስ?

ናይጄል፦ አንተ ለማገዶም አትሆን። በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር አለልህ።

ክሌም፦ በሩ አጠገብ ነፋስ አለ፣ አለቃ። ጉልበቴ ደግሞ ነፋስ አይወድም። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ የተቀመጥኩት እዚህ ነው።

ናይጄል፦ ውሻህንም አብሬ ባስወጣሁት ነበር። የጥቁሩ ውሻ ታሪክ ነው የያዘኝ።

ክሌም፦ የምን ታሪክ?

ናይጄል፦ ይኸው! ዕድሜ ልክህን እዚህ ተጎልተህ የቤቱን ታሪክ አታውቅም! ከእኔ በፊት ቤቱን የያዘው ሚስተር ሃላም ቁልፉን ሲያስረክበኝ ነው የነገረኝ። በድሮ ዘመን አንዱ ባለቤት ጥቁር ውሻ ከዚህ እሳት አባሮ ብርድ ገደለው። በማግስቱ በርሜሉ ሁሉ ኮመጠጠ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ እሳት ውሻ ያባረረ ሰው ቢራው ይበላሻል። ይህ የተረጋገጠ ታሪክ ነው። እኔ ታሪክና ተረት የምለይ ሰው ነኝ።

ክሌም፦ መማር ጥሩ ነው።

ናይጄል፦ በል አሁን ዝም በል፤ ላስብበት። ሴትዮዋ ልትደርስ ነው።

ክሌም፦ የትኛዋ ሴትዮ?

ናይጄል፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ጣረ ሞት ስላለባቸው መጠጥ ቤቶች መጽሐፍ የምትጽፈዋ! መጽሐፏ ላይ ከወጣን አገር ምድሩ ይጎርፍልናል። ካልወጣን ጠማቂው ኩባንያ ቤቱን ይዘጋዋል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ።

ክሌም፦ ውሻው አይበቃትም?

ናይጄል፦ የሞተ ውሻ በየመጠጥ ቤቱ ሞልቷል! የሞተ ሰው ነው የምፈልገው። እስቲ ስማ፦ አንገቱን የተቆረጠ ባላባት!

ክሌም፦ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ናይጄል፦ ሊያስፈራ ነዋ!

ክሌም፦ መጠጥ ቤት ድረስ መጥቶ፣ አፍ ከሌለው በምኑ ይጠጣል? ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም።

ናይጄል፦ ላንተ ማስረዳት ለድንጋይ መስበክ ነው። እሺ፤ ነጭ የለበሰች ሴት፣ መተላለፊያው ላይ ቆማ የምታቃስት።

ክሌም፦ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው?

ናይጄል፦ ሌላ መተላለፊያ አለን እንዴ?

ክሌም፦ እዚያ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ያቃስታል፣ አለቃ። እሷን ከሌላው በምን እንለያታለን?

ናይጄል፦ ተዋት! ከነሕይወቱ ግድግዳ ውስጥ የታሸገ መነኩሴ!

ክሌም፦ [ግድግዳውን በጣቱ ይቆረቁራል] ኮምፔንሳቶ ነው እኮ። ገፋ ቢያደርገው ይወጣል።

ናይጄል፦ ደካማ መነኩሴ ነው!

ክሌም፦ ደካማ ከሆነስ ማን ይፈራዋል?

ናይጄል፦ [ጠረጴዛውን ይመታል] የሠራሁትን ሁሉ ታፈርሳለህ! አንተ ብትሞት ምን ትሠራ ነበር? በል እስቲ ንገረኝ!

ክሌም፦ እኔ? እኔማ ቁጭ እል ነበር።

ናይጄል፦ ሞተህም መጎለት! [ድንገት ቀጥ ይላል] ቆይ… ቆይ! የሚቀመጥ ጣረ ሞት! የሌላው ሰው ጣረ ሞት ሁሉ ሲንከራተት ነው የሚያድረው፤ የሚቀመጥ ማንም የለውም! አየህ፣ ጭንቅላት ማለት ይህ ነው።

ክሌም፦ ጭንቅላትስ አለህ። የት ይቀመጣል ታዲያ? ፕላስቲኩ ላይ?

ናይጄል፦ የሞተ ሰው ፕላስቲክ ላይ! መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? አሮጌ ነገር ያስፈልጋል፤ የተቦረቦረ፣ ጥላሸት የጠጣ… [ወንበሩን ያየዋል] ይሄ!

ክሌም፦ ይሄማ ለማገዶ ነው።

ናይጄል፦ ማንም እንዳይነካው! ቅርስ ነው!

ክሌም፦ ማሽኑስ?

ናይጄል፦ መተላለፊያው ላይ ይቁም፤ የሚያቃስቱት ይጫወቱበት።

ክሌም፦ ሙዚቃው ግን… የሞተ ሰው ጫጫታ ይወዳል?

ናይጄል፦ ድምፁን እዘጋዋለሁ! ይህንንም እኔ ልንገርህ? አሁን ለምን እንደሚቀመጥ እንፈልግ። አዎ፣ ፍቅረኛውን ይጠብቃል!

ክሌም፦ ወንበሩ የዞረው ወደ እሳቱ ነው እኮ። ፍቅረኛ የሚጠብቅ ሰው በር በሩን ነው የሚያየው።

ናይጄል፦ ታዲያ ምን ይጠብቃል?

ክሌም፦ እኔ ምን አውቄ። እኔ ጠብቄ የማውቀው ግብዣ ብቻ ነው። ባለፈው አብሮን የሚጠጣው ኸርበርት የሁላችንንም ግብዣ ጠጥቶ፣ የመጋበዝ ተራው እሱ ጋ ሲደርስ «ፈረሴን ልይ» ብሎ ወጣ። እኔም ጠበቅኩት። ለካ ፈረስ የለውም።

ናይጄል፦ [ይዘላል] አገኘሁት! ጋሪ ነጂ ነበር! ጓደኛውን ጋበዘው። ተራው የጓደኛው ሆነ። ጓደኛው «ፈረሴን ልይ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ! ጋሪ ነጂው ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ እዚችው ወንበር ላይ ሞተ!

ክሌም፦ [ባርኔጣውን አውልቆ] ነፍስ ይማር።

ናይጄል፦ አየህ፣ አንተ እንኳ አመንክ! በዚህ አገር ነፍስ የገደለ ይቅር ይባላል፤ ተራው ደርሶ ያልጋበዘ ግን ዘር ማንዘሩ ይሰደባል።

ክሌም፦ ምስኪን! መቼ ያርፋል ታዲያ?

ናይጄል፦ ያ ብርጭቆ ሲቀዳለት ነዋ።

ክሌም፦ ማን ይቀዳለታል? ያ ከሃዲ እንደሆነ አይመለስም።

ናይጄል፦ ቤቱ! በየቀኑ፣ ከቤቱ በርሜል አንድ ብርጭቆ! ሴትዮዋ በዚህ ታለቅሳለች!

ክሌም፦ ታለቅሳለች። ቢራው ግን ሞልቶ ቁጭ ካለ? ጠማኝ ብሎ ከሞት የተመለሰ ሰው ሳይጠጣ ከቀረ፣ የዋሸነው እኛ ነን።

ናይጄል፦ [ያሰላስላል] እውነት ነው፤ መጉደል አለበት። ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ የሚጠጣ ሰው ያስፈልገኛል። ግን እንዲህ ያለ ለምንም የማይረባ ሰው ከየት… ክሌም!

ክሌም፦ አይ አለቃ፣ እኔ ተዋናይ አይደለሁም።

ናይጄል፦ ምንም አትሠራም እኮ! በዓለም ላይ የምትችለው እሱን ብቻ ነው!

ክሌም፦ ደመወዝ አለው?

ናይጄል፦ አምስት ሳንቲም የለውም!

ክሌም፦ የቢራውንስ ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ናይጄል፦ ጣረ ሞት ሒሳብ ሲከፍል የት አይተሃል? ደመወዝ ግን የለም! እኔን አሞኛለሁ ብለህ እንዳታስብ!

ክሌም፦ [ይተነፍሳል] ጎዳኸኝ። ይሁን፤ ለቤቱ ስል።

[ከውጭ መኪና ሲቆም ይሰማል። ናይጄል ክራቫቱን ያስተካክላል።]

ናይጄል፦ መጣች! ቅዳልኝ ሳትል ያዝ። [ቢራ ቀድቶ ይሰጠዋል] የተማረች ሴት ናት፤ ውሸት ከሸተታት አለቀልን። መጀመሪያ የጥቁሩን ውሻ እነግራታለሁ። እሱ እውነት ነው፤ እውነት ከቀደመ ውሸት ተከትሎት ይገባል።

ክሌም፦ ጥሩ ነው። ሚስተር ሃላምም በሱ ታሪክ በጣም ይኮራ ነበር።

ናይጄል፦ ምን ያኮራዋል? የጥንት ታሪክ አይደል?

ክሌም፦ ታሪኩን መፍጠር የጀመረው ሩፈስን ከእሳቱ ሊያባርር የመጣ ዕለት ነው። አንተ የቆምክበት ላይ ቆሞ። እኔ ምንም አላልኩትም፤ «ውሻ የበረደው ቤት ቢራው ይኮመጥጥ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩት እንጂ።

[ናይጄል ሩፈስን ያያል። ሩፈስ አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይጨፍናል።]

ክሌም፦ እሱ ግን ቀርፋፋ ሰው ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ፈጀበት። አንተ ፈጣን ነህ።

[በሩ ይንኳኳል።]

ክሌም፦ [ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ እሳቱ ይዞራል] በል ክፈትላት እንጂ። እኔን ከእንግዲህ አታናግረኝ፤ ሞቻለሁ። ነገ ግን ብርጭቆውን እስከ አፉ ሙላው፤ ይሄኛው ጎደል ብሏል።