ሲስተሜ ያገኛቸው አስራ አንድ ጋቢዎች

ዛሬ የሠራሁትን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። መጀመሪያው ላይ መሳቅ ይቻላል። መጨረሻው ላይ ግን እባካችሁ ተዉኝ።

እንደምታውቁት የማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተማሪ ነኝ። አንደኛ ዓመት። ማለትም ሁሉን ነገር የማውቅበት ዓመት!

አሳይመንት ተሰጠን። አንድ የንግድ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ መረጃ እንዴት እንደሚዘዋወር ታጠናላችሁ፣ ችግሩን የሚፈታ ሲስተም ትሠራላችሁ። ሌሎቹ ልጆች ካፌና ፋርማሲ እየዞሩ ለመኑ። እኔ ምን ቸገረኝ? አባቴ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል።

ሱቃችን ምድር ላይ ነው። የአባቴ የድሮ ጎረቤት ጋሼ ተካ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ናቸው። የቆርቆሮ ሱቆቹ ፈርሰው ህንፃው ሲሠራ ቦታው የተከፋፈለው በዕጣ ነበር፤ ለእሳቸው ላይኛው ደረሳቸው። ሊፍቱ ከተመረቀ ጀምሮ እንደቆመ ነው። ጋቢ ልግዛ ብሎ አራት ፎቅ በእግሩ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔም አላየሁም።

ሸማ ተራ ደግሞ ገዢን "የለም" ብሎ መሸኘት ነውር ነው። "አለ፣ ቁጭ ይበሉ" ይባልና ከጎረቤት ይመጣል። ሽያጩም የጎረቤት ነው። አባቴ ሁልጊዜ የሚያስመጣው ከጋሼ ተካ ነው። ስልኩን ያነሳና "ጋሼ፣ ባለቡናማ ጥለቱ እኔ ጋ አልቋል፤ ይዘው ይውረዱልኝ" ይላል። ጋሼ የተጠየቁትን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በየፎቁ እያረፉ ይወርዳሉ። ሸጠው ይመለሳሉ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍል መልስ የሱቁን እቃ እየቆጠርኩ ላፕቶፔ ላይ አስገባሁ። የገባውን፣ የወጣውን፣ ከጋሼ ተካ የመጣውን ሁሉ። አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ።

ባለቡናማ ጥለት ጋቢ እኛ ጋ አላለቀም! አስራ አንድ አለ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከነፌስታሉ። አባቴ ግን በየቀኑ "አልቋል" እያለ ይደውላል።

ምን ገመትኩ መሰላችሁ?

አባቴ መርሳት ጀምሯል!

አለቀስኩ እኮ። ፊት ለፊት ልነግረው ከበደኝና ሲስተሙ በዘዴ እንዲያስታውሰው አደረግኩ። እኛ ጋ ያለ እቃ ከላይ ከመጣ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፣ ላፕቶፑም "ጢን!" ይላል። ምን አይነት አሳቢ ልጅ ነኝ በሉ!

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ልሞክረው ይዤው ሄድኩ።

አንዲት ሴትዮ መጡ። ለአማታቸው ጋቢ ፈልገው ነው፣ ባለቡናማ ጥለት። አባቴ ስልኩን አነሳ። ጋሼ ተካ ወረዱ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል። ሴትዮዋ ጋቢውን መዳሰስ ጀመሩ። እኔም የእቃውን ቁጥር አስገባሁ።

ጢን!

"አባዬ! እኛም ጋ አለ እኮ! አስራ አንድ! ያውልህ፣ እዚያ ላይ!"

በጣቴ አሳየሁ። በጣቴ!

ሁላቸውም ቀና አሉ።

"ካለማ ምነው ሽማግሌውን አደከሟቸው?" አሉ ሴትዮዋ።

ጋሼ ተካ መደርደሪያውን አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠሩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

"አለህ እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ... አላየሁትም ነበር።"

ዕድሜውን ሙሉ ጋቢ የሸጠ ሰው የገዛ መደርደሪያው ላይ ያለ አስራ አንድ ጋቢ አላየሁም ሲል ማን ያምነዋል?

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉት ጋሼ፣ ዝግ ብለው።



ጋሼ ጋቢያቸውን ከሴትዮዋ እጅ ቀስ አድርገው ተቀበሉ። "የሱን ይውሰዱ እመቤቴ፣ ያው አንድ ነው።" አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ መለሱትና ደረጃውን ተያያዙት። እኛ ታች ሆነን ኮቴያቸው በየፎቁ ሲቆም እንሰማለን።

አባቴ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዝጊው" አለኝ፣ ወደ ላፕቶፑ እያየ። ዘጋሁት።

ሴትዮዋን ከሸኘ በኋላ እንዲህ አለ፦ "ዕጣው የወጣ ቀን ተራው የሳቸው ነበር። 'አንተ ልጅ ታቅፈሃል፣ ቅደም' አሉኝ። ያነሳሁት ወረቀት ምድር የሚል ሆነ።"

የታቀፈው ልጅ እኔ ነኝ።

የኮርሳችን የመጀመሪያ ምዕራፍ ምን እንደሚል ልንገራችሁ? ሲስተም ከመሥራትህ በፊት ሥራውን የሚሠሩትን ሰዎች ጠይቅ ነው የሚለው። በቢጫ አስምሬበታለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አባቴን አንድ ቀን እንኳ "ለምን?" አላልኩትም።

ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቅ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ለቁጣ ተዘጋጅቻለሁ።

"ምን አደረግሽኝ ልጄ? ነይ ቁጭ በይ። ትምህርት እንዴት ነው?"

ትምህርት!

"ጥሩ ነው" አልኩ።

ከኋላቸው ጋቢው እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። አብዛኛው ባለቡናማ ጥለት።

"እኔ እኮ ሰው ጥለቱን የወደደው መስሎኝ ነበር" አሉኝ፣ እየሳቁ። "ሸማኔውን ጨምርልኝ ብዬው፣ ይኸው ትናንት አምጥቶ ቆለለልኝ።"

ያኔ ስልካቸው ጠራ። አባቴ ነበር። ስሙን አዩና ስልኩን ጋቢው ላይ ደፉት።

"ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሎኛል በይልኝ።"

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እምቢ ያላለ ጉልበት!

አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አሳይመንቱ ሰኞ ይገባል። ሲስተሙን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ አንድም ስህተት የለበትም፤ ጥሩ ማርክ ሳላገኝበት አልቀርም። አባቴ ደግሞ ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ "ምን አሉሽ? ይወርዳሉ?" እያለኝ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትወርዳላችሁ?