በመዋዕለ ሕፃናቱ በር የምትወርደው ልጅ

ልጄ ብሌን ሞታለች። አራት ዓመቷ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ኋላ ግራ እንዳትጋቡ ነው እንጂ የማወራችሁ ስለ ወሬ ነው። ወሬ ጎንደር ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት ጥርስ እንደሚያወጣ፣ እንዴት ድኾ ድኾ ተነሥቶ አገር እንደሚዞር ከሩቅ አይቼ አይደለም የምነግራችሁ። አንዱን እኔ ራሴ ወልጄዋለሁ። ሳላስበው ወለድኩት፤ አደገብኝ። ልጅ ያላደገለት ሰው ወሬ ሲያድግለት ማየት ምን እንደሚመስል ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው በከተማው ያለ አይመስለኝም።

ሰው ሁሉ “እሳት በሌለበት ጭስ የለም” ይላል። ይህን የተረተ ሰው በክረምት እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድዶ አያውቅም። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ጎረቤት “ምን ተቃጠለ?” ብሎ ይመጣል፤ እሳት የሚባል ነገር ግን የለም።

ከቤተ መንግሥቱ ሥር ጣና ድረስ የሚሄድ ዋሻ አለ ይባላል። እዚህ ገብቶ ጣና ዳር የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ገብቶ የቀረ ሰው የሌለው ሰፈር ግን የለም። ማስረጃውም ይኸው ነው፤ አልተመለሰማ! ዋሻው ባይኖር የት ይቀራል? ደግሞ የሚነግራችሁ ሰው መቼም ራሱ አላየም። ያየው የአክስቱ ልጅ ነው። ይህ የአክስት ልጅ የሚባል ሰው ስንት ጉድ አይቷል! ባገኘው እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።

የእኔ ወሬ አወላለድ እንዲህ ነው። ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከወለቃ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ብሌን ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የጠዋቱ የመጀመሪያ ጉዞ የእሷ ነበር። ከኋላ ሦስት ሰው እጭናለሁ፤ እሷ ከጎኔ፣ ከመቀመጫዬ ጫፍ ትሸጎጣለች። መንገዱ ላይ ካለው መዋዕለ ሕፃናት በር ስንደርስ፣ ከተሳፋሪ ተምራ “ወራጅ አለ!” ትላለች። ባትልም እንደምቆም ታውቃለች፤ ተሳፋሪ መሆን ስለምትወድ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም ክቡር ተሳፋሪ ጥግ ይዤ አወርዳታለሁ። ግቢ እስክትገባ እጠብቃለሁ። ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። “ምነው፣ ቢሮ ረፈደብን እኮ!” ይላሉ። እኔ አልሰማም።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ቀበርናት። ለሕፃን ተስካር አይወጣም። ድንኳኑ ሲፈርስ ሐዘኑም አብሮ ተጠቅልሎ ለዕድሩ የሚመለስ ይመስለዋል ሰው። ለቀስተኛው ሁሉ “ምትክ ይስጣችሁ” እያለ ሄደ። ደግ ምርቃት ነው። እኔ ግን ምትክ የማውቀው ለጎማ ነው።

ሥራ በተመለስኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ሦስት ሰው ጭኜ እሄዳለሁ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። እኔ አላዘዝኩትም። ቆምን። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት “ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? አፌ ላይ የመጣልኝ “ወራጅ አለ” የሚለው ብቻ ነው። ሦስቱም ተያዩ። የወረደ የለም። አንዲት ልጅ ከአስፋልቱ በሩ እስክትደርስ የሚፈጀውን ያህል ጠበቅሁና ተነሣሁ። እናትየዋ አማተቡ፤ ፒያሳ ሳንደርስም ወረዱ። በማግስቱ እግሬ ያንኑ ደገመ። ከዚያ ወዲያም አልተወም። ተሳፋሪው ይለዋወጣል፤ እግሬ ግን ያው አንድ ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው። የቀረውን ከተማው ሠራው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ከሰዓት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጫንኩ። አንደኛው ለጓደኛው ይነግረዋል። አንድ ባጃጅ አለ አሉ። ጠዋት ጠዋት ከውስጡ “ወራጅ አለ” የሚል የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ባጃጁ ይቆማል። የሚወርድ አይታይም፤ ኮቴ ብቻ ቱክ ቱክ እያለ ግቢው ይገባል። ጓደኛው “ሹፌሩስ?” አለ። “አብዶ ጸበል ገብቷል” አለው። ያበደው ሹፌር በሰላም ፒያሳ አደረሳቸው። ሲወርዱም “እናመሰግናለን ብሮ” አሉት።

አንድ ሰው ከተማ ቢቆረቁር ሐውልት ይቆምለታል። ወሬ ሲቆረቁር ግን መሥራችነቱን የሚያውቅለት የለም። ወሬው በየሳምንቱ አዲስ ልብስ ለብሶ ባጃጄ ላይ ይሳፈራል። አንዱ ልጅቱ በጣሊያን ጊዜ የሞተች ናት ይላል። ሌላው ባጃጁ ጎማ የለውም፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው ይላል። አንዷ ደግሞ ልጅቱን የገጫት ራሱ ሹፌሩ ነው አለች። እሱን የሰማሁ ቀን ሥራ አቁሜ ቤት ገባሁ።

ሰው ይህን ለምን እንዲህ ይወደዋል? መፍራት ፈልጎ አይመስለኝም። ፍርሃትማ በዘመናችን ሞልቷል፤ ማንም ተሳፍሮ አይፈልገውም። የማስበው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሰው የቀበረው አለው። የሄደ ሰው ጠዋት ተመልሶ ባጃጅ ይሳፈራል ሲሉት፣ አፉ “ውሸት ነው” ይላል፤ ሆዱ ግን “በየት በኩል ነው የሚያልፈው?” ብሎ ይጠይቃል።

ይህን የተማርኩት ከሚስቴ ነው። ሰናይት ከቀብሩ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ብይ ስትባል “እሺ” ትላለች፤ ሳህኑ እንደ ቀረበ ይነሣል። የምፈራው ወሬው እሷ ጋ እንዳይደርስ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ አፉን ያዘልኝ። እኔ በከተማው በኩል ስጠብቅ፣ ወሬው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በአምባ ጊዮርጊስ ዞሮ መጣ።

ያመጡት እዚያ የሚኖሩት አጎቴ አያ ታረቀ ናቸው። እግራቸውን አሟቸው ለቀብሩ አልደረሱም ነበር። ሲሻላቸው አንድ ስልቻ ገብስ ይዘው መጡ። ከበር ጀምረው አለቀሱ፣ ደረታቸውን መቱ፣ እኛም አለቀስን። ምሳ ቀረበ። መቼም ሐዘንተኛን ማጫወት ወግ ነው፤ አያ ታረቀ ደግሞ ወግ አዋቂ ናቸው።

“ምነው ዝም አላችሁ? ላጫውታችሁ እንጅ” አሉ። “ጎንደር ተቀምጣችሁ የጎንደርን ጉድ አልሰማችሁም?”

በእሳቸው አፍ ባጃጄ አውቶቡስ ሆናለች። ሹፌር የለው፣ ረዳት የለው፣ መሪው ብቻውን ይዞራል። በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሐል ሲያልፍ በግ እንኳ አይነካም። “እናላችሁ ያ በወለቃ መንገድ ያለው የሕፃናቱ ትምህርት ቤት በር ሲደርስ ቀጥ! አንዲት ሸጋ ልጅ ትወርዳለች።”

“አያ፣ ጠላ ልጨምርልዎ” አልኩ።

“ቆይ አንተ፣ ወሬዬን አታቋርጠኝ!”

ሰናይት ቀና አለች። ምን ለብሳለች ብላ ጠየቀች። አያ ታረቀ በዕድሜያቸው ተጠይቀው አላውቅም ብለው አያውቁም። “ሰማያዊ” አሉ። የብሌንም ዩኒፎርም ሰማያዊ ነበር። የከተማው ተማሪ ሕፃን ግማሹ ሰማያዊ ለባሽ ነው። ይህን ግን ለእናት እስቲ አስረዱ! ምን እንዳደረጉ ለአያ ታረቀ የገባቸው ፊቷን ሲያዩ ነው። “አፌን በቆረጠው!” ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ሰናይት አልጮኸችም። “ነገ እሄዳለሁ” አለች።

ወሬው የእኔ ነው ብዬ ብነግራት ልጇን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ዝም ብላት ደግሞ መንገድ ዳር ቆማ ልጇን ስትጠብቅ ልትውል ነው። የትኛው ይሻላል? እኔ አላወቅሁም። ያላወቀ ዝም ይላል፤ ዝም አልኩ።

ጠዋት ቀድማኝ ተነሥታ ለበሰች። ላድርስሽ ብላት “አንተ ሥራህን ሥራ” ብላ በእግሯ ወጣች። እኔም ተሳፋሪዬን ጭኜ ተከተልኩ። መንገዱን ሙሉ እግሬን እንደ ሽማግሌ ለመንኩት። ዛሬን ብቻ እለፍ፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ፈለግህ፣ አልኩት።

በሩ ጋ ወሬውን የሰማ ሰው ተሰብስቧል። ተማሪዎች ስልካቸውን ደግነዋል። አንዲት ሴት በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዛለች። ቆሎ ሻጭም ደርሳለች፤ ወሬ ባለበት ገበያ አይጠፋም። ሰናይት ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ቆማለች።

እግሬ ልመናዬን አልሰማም። ቆምኩ።

ሰዎቹ ባጃጇን አዩ። ሰናይት እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ መጣች። ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ተመለከተች።

“አንተ ነህ?” አለች።

“እኔ ነኝ።”

“ሁልጊዜ ትቆማለህ?”

“እግሬ ነው” አልኳት።

“የሚወርድ የለም?”

“የለም።”

ይህን ጊዜ ጸበል የያዘችው ሴት “ወረደች! በማርያም፣ አየኋት!” ብላ ጮኸች። እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ከኋላዬ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አወጡ። ሰናይት ብቻ አልዞረችም። ባጃጇ ላይ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና “እንሂድ” አለች።

ጥቂት እንደ ሄድን፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች፣ “ነገም ቁም” አለችኝ። ተሳፋሪዎቹን አድርሼ ቤት ስመልሳት ራበኝ አለች። አያ ታረቀ ከገብሳቸው ቆልተው ጠበቁን። በላች። ብዙ አይደለም፤ ግን በላች።

አመሻሽ ላይ ወደ ፒያሳ አንድ ባለ ኮት፣ ባለ ቦርሳ ሰውዬ ጫንኩ። ገና እንደተቀመጠ የዕለቱን ዜና ነገረኝ። ዛሬ ጠዋት የልጅቱ እናት ጥቁር ለብሳ ከመቃብር ተነሥታ መጣች አሉ። ሰው ሁሉ እያየ ባጃጁ ላይ ወጣችና ባጃጁ ከነሰዎቹ ደብዛው ጠፋ። በቪዲዮ ቀርጸውት ነበር፤ ቪዲዮው ግን ራሱን አጠፋ። ልጅቱማ፣ አለኝ፣ ስትወርድ ለቅሶዋ አንጀት ይበላል።

የቀረውን ሁሉ ችዬ ነበር። ይህን አልቻልኩም።

“አታለቅስም” አልኩት። “በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ትልና ምላሷን ታወጣለች። ከዚያ እየሳቀች ሮጣ ትገባለች።”

ሰውዬው ከመቃብር የተነሣችውን እናት አምኗል። ራሱን ያጠፋውን ቪዲዮ አምኗል። በመስታወቱ ሳየው ግንባሩን ቋጥሯል።

“እናንተ ባጃጅ ነጂዎች” አለኝ፣ “ወሬ ላይ መጨመር መቼም አይታክታችሁም። የሞተች ልጅ ምላስ ታወጣለች? ትንሽ እንኳ እግዜርን አትፈሩም?”

ይቅርታ ጠይቄው ፒያሳ አወረድኩት።