ክቡር ሚሊሜትርና የትራክተሩ ግራ እግር

አንዳንድ ሰው ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን የበሩን መቃን ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ጋራዥ የለም፤ የሌለበት ቤተ ዘመድም የለም። ወንበር ቢቀርብለት አይቀመጥም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ይመለከታል። ከዚያም ጠጋ ብሎ በትንሽ ጣቱ ነካ ያደርገውና "አሁን ተቃና" ይላል። እስከ ዛሬ ተጣሞ ማንን እንደበደለ ግን አይናገርም።

የከባድ መሣሪያ መካኒኩ የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። ጋራዡ በሙሉ "ክቡር ሚሊሜትር" ይላቸዋል፤ በሌሉበት ብቻ ሳይሆን በፊታቸውም ጭምር፤ እሳቸውም ማዕረጉን እንደሚገባቸው ሹመት በጸጥታ ተቀብለውታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያውቃቸው የአሮጌው ባለሰንሰለት ትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸውና። ቤት ውስጥ አንተ ይላቸዋል፤ ጋራዥ ውስጥ፣ ሠራተኛ እየሰማ፣ አንቱ።

የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ዘመድ ሁሉ ሕፃኗን እስኪስሙ ሲጠብቅ፣ ክቡርነታቸው ተንበርክከው ከአልጋዋ ሥር ገቡ። ካርቶን አጣጥፈው አንዱን የአልጋ እግር ካስተካከሉ በኋላ፣ "እንዲህ ከተተወች ወደ ግራ ታድጋለች" አሉ። ልጅቱ ዛሬ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብላ አድጋለች፤ ምስጋናውን የሚወስዱት እሳቸው ናቸው።

አባታቸው በተቀበሩ ዕለትም ኦፕሬተሩ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ክቡር ሚሊሜትር ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው ቆፋሪውን በለሆሳስ፣ "ይቺ ማዕዘን ልክ አይደለችም" አሉት። ሰው ደነገጠ፤ እህታቸው እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን አካፋውን ተቀብለው ወረዱ፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ማዕዘኗን አስተካክለው ወጡና፣ "አባቴ ጠማማ ቤት ኖሮ አያውቅም" አሉ። ከዚያ ወዲህ ኦፕሬተሩ በሚስቱ ወንድም ላይ ከልቡ ስቆ አያውቅም። ከአንገት በላይ ግን ይስቃል።

አንድ የማይተዉት አነጋገር ነበራቸው። ማንም ሰው ሥራውን ጨርሶ "ፀጉር ያህል ነው የቀረው፣ ይለፍ" ሲል፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "የማን ፀጉር?" ይላሉ። ብየዳ ሠራተኛው ቢል፣ "የማን ፀጉር?" ግንበኛው ቢል፣ "የማን ፀጉር?" አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ተሳስቶ ያንኑ ቃል ቢወረውር፣ መላጣውን ትኩር ብለው አይተው "የማን ፀጉር? ያንተ እንደሆነ ጨርሶ የለም" አሉት። ጋራዡ ለሳምንት በዚያ ሳቅ ኖረ።

ይህ ሁሉ የተነገረው ወደ ትራክተሩ ጉዳይ ለመግባት ነው።

ትራክተሩ ከጋራዡ ሠራተኛ ከግማሽ የሚበልጠውን በዕድሜ ይበልጣል። ኦፕሬተሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦበታል፤ መቀመጫው የእሱን ቅርጽ ይዟል፣ የእሱም ወገብ የመቀመጫውን። በዚያ በጋ ከወንዙ ዳር ያለው የአፈር ግድብ ዝናብ ሳይገባ ከፍ እንዲል ታዘዘ። የግድቡ አናት ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው ወገን ገደል። ስለዚህ የጋራዡ ኃላፊ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ የትራክተሩ የታች እግር በሙሉ ተፈትቶ እንዲታደስ ወሰነች።

ሰንሰለቶቹ ተፈተው ወለሉ ላይ እንደ ሞተ ዘንዶ ተዘረጉ። ትራክተሩ በክሪክ ተነስቶ በወፍራም ግንዶች ላይ ተቀመጠ። ሰንሰለቱ የሚሽከረከርባቸው ሮለሮች፣ የፊቱ መንኮራኩር፣ የኋላው ጥርሳም መንኮራኩር፣ ኩሽኔታው፣ ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሁሉም በናፍጣ ታጥቦ በተራ ተደረደረ። ኦፕሬተሩ ቱታውን ለብሶ ያጥባል፣ ያቀብላል፣ ግራሶ ይቀባል። ለሌላ ሰው ሊተወው አልሆነለትም፤ የታመመ ዘመድ ደጅ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር።

መግጠሙ ሲጀመር ክቡር ሚሊሜትር ሲባጎና ቱምቢ ይዘው መጡ። ሲባጎውን ከኋላ እስከ ፊት ወጠሩ፤ ቱምቢውን ከየጫፉ ጥለው ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ በሆዳቸው ተኝተው ለኩ። አንድ ብሎን ይጠብቃል፣ ይለካል። ሁለተኛው ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው እንደገና ይለካል። በአራተኛው ቀን የግራውን እግር ሁለት ጊዜ ለኩ። መርዶ የደረሳቸው መሰለ።

"ስምንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ከፍቷል" አሉ በመጨረሻ። "ይህን ያህል ዓመት ወደ ግራ እየጎተተህ ነው የኖርከው?"

ኦፕሬተሩ "ይሄድ ነበር" አላቸው።

"ይሄዳል! ሸርጣንም ይሄዳል።"

ሽም የሚሏቸውን እንደ ወረቀት የሳሱ ቆርቆሮዎች ከእግሩ ማሰሪያ ሥር እየጨመሩ፣ እየለኩ፣ እየጨመሩ፣ ስምንቱን ሚሊሜትር አንድ በአንድ መለሱት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰንሰለቱ ተጠመጠመ፤ ማሰሪያው ፒን በትልቅ መዶሻ ተመታ። ትራክተሩ ከግንዱ ወርዶ መሬት ሲነካ ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሙከራው ሜዳ ላይ ነበር። ኃላፊዋ መቶ ሜትር የኖራ መስመር አሰመረች። ለኦፕሬተሩም ነገሩን ሳትደብቅ ነገረችው፤ ግድቡ ላይ ስሕተት ዳግመኛ አይታረምምና፣ መስመሩን የማይጠብቅ ሰው እዚያ አይወጣም። እሱ ካልሆነ ከሌላ ክፍል ኦፕሬተር ይመጣል፤ እሱ ራሱ ደግሞ ጡረታው እስኪደርስ፣ ሁለት ዓመት፣ የዕቃ ቤት በር ይጠብቃል።

ኦፕሬተሩ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ማርሽ አስገባ፤ ተንቀሳቀሰ። አርባ ሜትር ሳይደርስ ትራክተሩ መስመሩን ትቶ ወደ ቀኝ ወጣ። መለሱት። እንደገና ሄደ፤ እንደገና ወደ ቀኝ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ጊዜ ክቡር ሚሊሜትር ራሳቸው ወጥተው ነዱት፤ ትራክተሩ በኖራው ላይ እንደ ሲባጎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሁሉም ሰው ቀሪውን በልቡ ጨረሰው።

ኃላፊዋ ኦፕሬተሩን ላለማሳፈር "ነገ ጠዋት በረድ ሲል አንዴ እንየው" ብላ ሄደች። ክቡርነታቸው ሲባጎአቸውን ጠቅልለው ወጡ። በሕይወታቸው ካቀኑት ነገር ሁሉ ይበልጥ የቀናው ይህ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አልታየም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ኦፕሬተሩ ማዕድ ቤት አግዳሚው ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ አየችው። ቀኝ እጁ ብቻዋን በየጊዜው ትንሽ ወደ ኋላ ትስባለች።

"እጅህን ምን ነካው?"

የዚያን ጊዜ እሱም አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትራክተሩ ወደ ግራ ሲጎትተው፣ ይህች እጅ ወደ መስመሩ ለመመለስ የቀኙን የመሪ ዘንግ ሳትታዘዝ ሳብ ታደርግ ነበር። የግራው እግር ተቃና፤ እጁ ግን አልሰማችም። ልማድ ሲሠለጥን ተፈጥሮ ይሆናል ማለት ይህ ነው፤ በአንድ ሌሊት አይነቀልም። ለሚስቱ ነገራት። ለወንድም ጋሼ ልንገረው ብትለው፣ የሰውየውን የአሥራ አንድ ቀን ሥራ ማን አፍርስ ይለዋል ብሎ ከለከላት። እሷም እሺ አለች፤ ነጠላዋን አነሳች፤ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች።

በማግስቱ ኦፕሬተሩ በማለዳ ጋራዥ ሲደርስ ክቡር ሚሊሜትር ቀድመውት ነበር። እጃቸውን በናፍጣ ይታጠባሉ። ክሪኩ ገና ከትራክተሩ ሥር አልወጣም፤ የግራው እግር ብሎኖች ላይ ትኩስ ግራሶ ይታያል። ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት ኃላፊዋ ከሠራተኞቹ ጋር ገባች። ክቡርነታቸው ቀደም አሉና፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው ተናገሩ።

"የግራውን እግር ስለካ ተሳስቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት አስተካክዬዋለሁ።"

ከብየዳ ሠራተኛው እጅ ቁልፍ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ከኋላ የቆመ አንዱ "የማን ፀጉር ቢሆን ነው ያሳታቸው?" ብሎ አንሾካሾከ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ክቡር ሚሊሜትር ሰሙ፤ ዞርም አላሉ።

ክሪኩ ወጥቶ ትራክተሩ ወደ ኖራው መስመር ተወሰደ፤ ኦፕሬተሩ ወጥቶ ተቀመጠ። ትራክተሩ ሲንቀሳቀስ ያ የድሮው ጉተታ መጣ፤ ወደ ግራ፣ ለስለስ ያለ፣ እጁን ይዞ እንደሚጎትት ልጅ። ቀኝ እጁ ሳትታዘዝ መለሰችለት። መቶውን ሜትር ሄደ፤ ዞሮ መቶውን ተመለሰ፤ ኖራው በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል እንደተሰመረ ቀረ። ኃላፊዋ የሥራ ትእዛዙን ፈረመች፤ ከነገ ጀምሮ ግድቡ ላይ።

ሰው ሲበተን ኦፕሬተሩ ወደ መካኒኩ ሄደ። ክቡርነታቸው ተቀምጠው ሲባጎ ይጠቀልላሉ። ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለሉ ሽሞች ጫፋቸው ይታያል።

"እህትህ ነች የነገረችህ" አለ። ሠራተኛ ቅርብ ነበር፤ አንቱ ማለቱን ግን ረሳው።

"ጡረታህ ሲደርስ" አሉ ክቡርነታቸው ሽሞቹን እየነኩ፣ "ወደ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። እስከዚያ ሮለሮቹ በአንድ ወገን ይበላሉ።"

"እና?"

"ይበሉ።"

ኦፕሬተሩ ቀኝ እጁን በግራው ያዛት።

"ስንት ነው ያወጣኸው?"

"ፀጉር ያህል።"

"የማን ፀጉር?"

ክቡር ሚሊሜትር መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። መላጣውን ቀና ብለው፣ ለመለካት እንደሚያዩት ሁሉ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ያንተ" አሉ። "መጀመሪያ ትራክተሩ ላይ የወጣህ ጊዜ የነበረህ።"